ሁለተኛው መንታ አግድም ተኝቶ ተገኘ፤ በጤና ጣቢያ ምን ማድረግ ነበረብኝ?

አዋላጇ ከደጋ (ሰኞ፣ ማታ 3:10)

ሰላም ለሁላችሁም። ይህን መድረክ ሁለት ዓመት አነበብኩ እንጂ ጽፌበት አላውቅም። ዛሬ የምጽፈው ከሁለት ሳምንት ገደማ በፊት የሆነ ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው።

ሚድዋይፍ ነኝ፤ የምሠራው ገጠር ጤና ጣቢያ ነው። ኦፕራሲዮን የሚሠራበት ሆስፒታል በአምቡላንስ አንድ ሰዓት ተኩል ይርቃል። ረቡዕ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አንዲት እናት ምጥ ገፍቶባት በቃሬዛ አመጧት። ሦስተኛ እርግዝናዋ ነው። ለክትትል ሁለት ጊዜ ብቻ መጥታለች፤ አልትራሳውንድ ታይታ አታውቅም። ሆዷ ትልቅ ነበር። ቀኑን ተሳስታ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ይህንን ጥፋቴን አልደብቅም።

ስመረምራት የማህፀን በሯ ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል። 20 ደቂቃ ሳይሞላ ሴት ልጅ በጭንቅላቷ መጣች፤ ወዲያው አለቀሰች። ማህፀን የሚያኮማትረውን መርፌ፣ ኦክሲቶሲኑን፣ ልወጋት ሲሪንጁን እንደያዝኩ ሆዷን ዳሰስኩ። ማህፀኗ አልወረደም። በቀኝ ጎኗ በኩል ጠንካራ ክብ ነገር እጄ ላይ መጣ። ጭንቅላት ነው። ሁለተኛ ልጅ አለ፤ ያውም አግድም ተኝቷል። መርፌውን መልሼ አስቀመጥኩት።

የልብ ምቱ 140 ነበር። የእንሽርት ውሃው አልፈሰሰም። ምጧም ቆመ። ግሉኮስ ሰካሁላት፣ አምቡላንስ ጠራሁ፣ እጄን ሆዷ ላይ አድርጌ ልቡን እያዳመጥኩ ጠበቅሁ። አምቡላንሱ 40 ደቂቃ ቆየ። መንገድ ላይ ውሃው ፈሰሰ። ሆስፒታል ስንደርስ በቀጥታ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቧት። ወንድ ልጅ ነው፤ ሲወጣ ደክሞ ነበር፤ ስድስት ቀን የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ቆየ። እሷም ደም ፈሷት ሁለት ከረጢት ደም ተሰጣት። ሦስቱም አሁን ቤታቸው ናቸው።

አንድ ሲኒየር «ልታዞሪው ይገባ ነበር» አለኝ። ሌላው ደግሞ «እንኳንም አልነካሽው» አለኝ። እነዚያ 40 ደቂቃዎች ከአእምሮዬ አልወጡም። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

የሌሊት ተረኛ (ሰኞ፣ ማታ 4:02)

ሲስተር፣ እንኳን ማርያም ማረቻት። እኔ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የድንገተኛ ቀዶ ጥገና ባለሙያ ነኝ። እንደ አንቺ ካሉ ጤና ጣቢያዎች የሚላኩ እናቶችን የምቀበለው እኔ ነኝ። ስለዚህ ከሌላኛው የመንገዱ ጫፍ ሆኜ ልንገርሽ።

ሲሪንጁን መልሰሽ ማስቀመጥሽ የዚያ ሌሊት ትልቁ ሥራ ነው። ሁለተኛው ልጅ ውስጥ እያለ 10 ዩኒት በአንዴ ቢወጋ ማህፀኑ ልጁን አንቆ ይይዘዋል። ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደው ደም ይቀንሳል፤ አግድም የተኛ ልጅ ከሆነ ደግሞ መውጫ የለውም። ማህፀን እስከመተርተር ሊደርስ ይችላል። እጅሽ ሆዷ ላይ ባያርፍ ኖሮ ዛሬ ሌላ ነገር ነበር የምንጽፈው።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። በውጭ በኩል ማዞር መሞከር ይቻል ነበር። የመጀመሪያው ልጅ እንደወጣ ማህፀን ለጥቂት ደቂቃዎች ይላላል። ምጥ የለም፣ ቦታ አለ፣ ውሃውም አልፈሰሰም። ከዚያ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። አንድ እጅ ጭንቅላቱ ላይ፣ ሌላው እጅ ቂጡ ላይ ይሆናል። ጭንቅላቱን ወደ ታች፣ ቂጡን ወደ ላይ በዝግታ መግፋት ነው። ወደ ታች የሚቀርበው ቂጡ ከሆነም ይሁን፤ ዋናው በቁመት መስተካከሉ ነው። ምጥ ሲመጣ እጅ ይቆማል፤ ሲለቃት ይቀጥላል። በየመሃሉ የልብ ምት ይደመጣል። እሺ ካላለ ግን አይታገሉትም።

ከዞረ በኋላ እጅ አይነሳም። አንድ ሰው ሆዱን በሁለቱም ጎን ደግፎ መያዝ አለበት፤ አለበለዚያ ይመለሳል። ምጡ ካልተመለሰ ኦክሲቶሲን በግሉኮስ፣ በጠብታ ይጀመራል። ይህ ከመርፌው ጋር አይምታታብን፤ ያኛው በአንዴ የሚገባ ነው፣ ይኸኛው ግን እያየን የምንጨምረውና የምንቀንሰው ነው። ውሃውን ለማፍሰስ መቸኮል አያስፈልግም። ጭንቅላቱ ወርዶ የዳሌ አጥንት ውስጥ ሲቀመጥ፣ እትብት ቀድሞ አለመኖሩ በጣት ሲረጋገጥ፣ ያኔ ነው። ጭንቅላቱ ገና ተንሳፍፎ እያለ ውሃው ከፈሰሰ እትብት ቀድሞ ሊወርድ ይችላል።

እጅ ማህፀን ውስጥ አስገብቶ እግር ይዞ ማዞር የሚባለውም አለ። ልጁን ያድናል፤ ግን ለሁሉም ሰው አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ማኑዋል ክልከላውን በግልጽ ያስቀምጣል፦ ያልሠለጠነ ሰው አይሞክረው፤ ውሃው ፈስሶ ካለቀ አይሞከር፤ ማህፀኑ የቀድሞ ኦፕራሲዮን ጠባሳ ካለው አይሞከር፤ ልጁ በቀላሉ ካልዞረ አይገፋበት። አንቺ ይህን ሥልጠና ካልወሰድሽ አለመሞከርሽ ትክክል ነው። ሁለቱ ሲኒየሮችሽ ምናልባት ስለተለያየ ነገር ነው የሚያወሩት፤ አንዱ ስለ ውጪው፣ ሌላው ስለ ውስጡ።

25 ዓመት በማዋለጃ (ሰኞ፣ ማታ 4:48)

የኔ ልጅ፣ እንቅልፍሽን ተኚ። ያደረግሽውን ያላደረጉ ብዙ አይቻለሁ።

ወንድማችን በደንብ ጽፎታል፤ እኔ ከእጅ ሥራው ጥቂት ልጨምር። መንታ መሆኑ አስቀድሞ ከታወቀ፣ የመጀመሪያው ልጅ ትከሻው እየወጣ እያለ ረዳቷ ሁለት መዳፏን በእናቲቱ ሆድ ግራና ቀኝ ታድርግ። ያ ሁሉ ቦታ በድንገት ባዶ ሲሆን ነው ሁለተኛው ልጅ የሚገለበጠው። በሁለት መዳፍ መካከል ከተያዘ ብዙ ጊዜ በቁመቱ ይቆያል። መሣሪያ አይጠይቅም፣ መድኃኒት አይጠይቅም። አንድ ተጨማሪ ሰው ብቻ።

የመጀመሪያው ልጅ እትብት በሁለት በኩል በደንብ መታሰር አለበት። በእናቲቱ በኩል ያለው ጫፍ ከላላ፣ የሁለቱ እንግዴ ልጅ የተያያዘ ከሆነ፣ ሁለተኛው ልጅ በዚያ በኩል ደሙን ሊያጣ ይችላል። ደግሞ እትብቱን ማንም እንዳይጎትት። እንግዴ ልጁ የሚወጣው ሁለቱም ልጆች ከወጡ በኋላ ነው። እኔ ለመጀመሪያው አንድ ክላምፕ (መቆንጠጫ)፣ ለሁለተኛው ሁለት ክላምፕ አደርጋለሁ፤ በኋላ የማን እትብት እንደሆነ አይጠፋኝም።

እጅ ቀድሞ ከመጣስ? የትዕማርን መንታዎች ሁላችንም እናውቃለን። ዛራ እጁን አወጣ፣ አዋላጇ ቀይ ፈትል አሰረችለት፣ እሱ ግን እጁን መለሰና ፋሬስ ቀድሞት ወጣ። እኔ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው ይህንን ነው፦ ያች አዋላጅ ፈትል አሰረች እንጂ እጁን አልጎተተችም። እጅ ሲመጣ መጎተት ትከሻውን ይበልጥ ያስቀረቅረዋል። ወደ ሆስፒታል ሪፈር ነው፣ ወዲያው።

የ4ኛ ዓመት ተማሪ (ሰኞ፣ ሌሊት 5:15)

ይቅርታ፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። እኛ የተማርነው በሁለቱ መካከል ከ30 ደቂቃ ማለፍ የለበትም ተብሎ ነው። ሲስተር 40 ደቂቃ ጠብቃለች፤ ከዚያ መንገዱ አለ። ልጁ እንዴት ተረፈ? 30 ደቂቃ የሚለውስ ከየት መጣ?

የሌሊት ተረኛ (ሰኞ፣ ሌሊት 5:40)

ጥሩ ጥያቄ ነው። 30 ደቂቃ የሚለው ልጁን ያለማቋረጥ መከታተል የማይቻልበት ዘመን ትቶልን ያለፈ ልማድ ነው። ጊዜው በረዘመ ቁጥር የሁለተኛው ልጅ ደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን እየቀነሰ፣ አሲዱ እየጨመረ እንደሚሄድ በጥናት ታይቷል። ስለዚህ ሰዓቱ ከንቱ አይደለም። ግን በ31ኛው ደቂቃ የሚወድቅ መጥረቢያም አይደለም። የቆየው የዓለም ጤና ድርጅት ማኑዋል ጥሩ ምጥ እያለ እስከ ሁለት ሰዓት ይታገሣል፤ የልብ ምቱ ከ100 ከወረደ ወይም ከ180 ካለፈ ግን ጣልቃ ግቡ ይላል።

የኔ አካሄድ ይህ ነው። ልጁ በቁመቱ ከሆነ፣ የልብ ምቱ ጥሩ ከሆነ፣ ምጥ ካለና እየወረደ ከሆነ እጠብቃለሁ። በየ5 ደቂቃው፣ ከተቻለም ያለማቋረጥ አዳምጣለሁ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ አልጠብቅም። ሲጠበቅ ከሚመጡት ነገሮች የምፈራው ሁለት ነው። አንደኛው የእንግዴ ልጁ ቀድሞ መላቀቅ ነው፤ ማህፀኑ በድንገት ሲያንስ ይከሰታል፤ ደም ካየሽ ሰዓት አትቁጠሪ። ሁለተኛው የማህፀን በሩ መልሶ መጥበብ ነው። ተከፍቶ የነበረው በር ሁልጊዜ ተከፍቶ አይቆይም።

የሲስተር ልጅ የተረፈው ውሃው አብዛኛውን ጊዜ ስላልፈሰሰ ይመስለኛል። ውሃው እያለ እትብቱ በቀላሉ አይጨፈለቅም።

ከሜሪላንድ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:20)

እኔ ጎንደር ተምሬ አሜሪካ የማዋለጃ ነርስ ሆኜ የምሠራ ነኝ። እዚህ መንታ የምታምጥ እናት ብዙ ጊዜ የምትወልደው ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ነው። በምጥ ብትወልድም እዚያው ትገባለች። ወገቧ ላይ ማደንዘዣ ቀድሞ ይሰጣታል፤ ሁለተኛው ልጅ ካስቸገረ ወይ እጅ አስገብቶ ለማዞር ወይ ለመቅደድ ዝግጁ እንዲሆን ነው። የመጀመሪያው እንደወጣ ሐኪሙ አልትራሳውንዱን ሆዷ ላይ ያደርጋል፤ አቀማመጡን ከመዳሰስ ይልቅ በዓይን ያየዋል። ክፍሉ ውስጥ አሥር ሰው ይኖራል። የእናንተን ጽሑፍ ሳነብ አለቀስኩ። እህቴ፣ አንቺ ያንን ሁሉ በሁለት እጅሽ ሠርተሻል።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ትንንሽ አልትራሳውንድ ማሽኖች ወደ ጤና ጣቢያዎች እየገቡ ነው ሲባል እሰማለሁ። እናንተ ጋ ደርሷል?

አዋላጇ ከደጋ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 3:05)

እኛ ጋ ገና አልደረሰም። ጎረቤት ወረዳ አለ። እናት ካለችበት እዚያ ለመድረስ ግማሽ ቀን ይወስዳል።

አባት ነኝ (ማክሰኞ፣ ቀን 6:30)

እኔ የጤና ባለሙያ አይደለሁም፤ ባለቤቴ መንታ አርግዛለች፣ 30ኛ ሳምንት ላይ ናት። ይህን ሁሉ ሳነብ ፈራሁ። ለምን ሁሉም መንታ በቀጠሮ በኦፕራሲዮን አይወለድም? ሁለተኛው ልጅ እንዲህ አደገኛ ከሆነ ለምን ይሞከራል?

ከሜሪላንድ (ማክሰኞ፣ ቀን 7:45)

ወንድሜ አይዞህ። ይህን ጥያቄ ዓለም ሁሉ ጠይቆታል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1995 ከመንታ ወሊዶች 53.4 በመቶው በኦፕራሲዮን ነበር፤ በ2008 ወደ 75 በመቶ ደረሰ። ከዚያ በ2013 በ25 አገሮች፣ 2,800 እናቶችን ያካተተ ትልቅ ጥናት ወጣ። እርግዝናቸው ከ32 እስከ 38 ሳምንት የሆነና የመጀመሪያው ልጅ በጭንቅላቱ የቆመላቸው ናቸው። ግማሾቹ በዕጣ ለታቀደ ኦፕራሲዮን፣ ግማሾቹ በምጥ ለመውለድ ተመደቡ። ሕፃናቱ ላይ የደረሰው ሞትና ከባድ ጉዳት በመጀመሪያው ቡድን 2.2 በመቶ፣ በሁለተኛው 1.9 በመቶ ነበር። ልዩነት የለውም ማለት ነው። በ2017 ፈረንሳይ ውስጥ በ176 ሆስፒታሎች የተሠራው ጥናት ደግሞ በምጥ ለመውለድ የታቀደላቸው ልጆች የባሰ ነገር እንዳልደረሰባቸው አሳይቷል። ፈረንሳዮች ሁለተኛውን ልጅ አይጠብቁም፤ ጭንቅላቱ ካልወረደ ወዲያው እጅ አስገብተው በእግሩ ያወጡታል። በየቀኑ የሚሠሩት ስለሆነ እጃቸው ለምዶታል።

ስለዚህ የባለቤትህን ሐኪም ጠይቅ፦ የመጀመሪያው ልጅ በምን በኩል ነው? እንግዴ ልጃቸው አንድ ነው ሁለት? ሁለቱ ልጆች በአንድ ከረጢት ውስጥ ናቸው? በአንድ ከረጢት ከሆኑ እትብታቸው ስለሚጠላለፍ ቀድሞ በኦፕራሲዮን ይወለዳሉ፤ ያ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው በጭንቅላቱ ካልሆነም አብዛኛው ሐኪም ኦፕራሲዮን ይመርጣል።

የሌሊት ተረኛ (ማክሰኞ፣ ቀን 8:10)

እህታችን የጠቀሰችው ትክክል ነው። አንድ ነገር ግን ጎላ ይበል። እነዚያ ጥናቶች የተሠሩት ድንገት ቢያስፈልግ ኦፕራሲዮን ማድረግ በሚቻልባቸው ሆስፒታሎች ነው። በ2013ቱ ጥናት በምጥ ለመውለድ ከታቀደላቸው እናቶች 43.8 በመቶዎቹ በመጨረሻ ኦፕራሲዮን ሆነዋል። 4.2 በመቶዎቹ ደግሞ የመጀመሪያውን በምጥ፣ ሁለተኛውን በኦፕራሲዮን ወልደዋል። ልክ እንደ ሲስተር እናት። እዚያ ግን ከአልጋ ወደ አልጋ ነው፤ እዚህ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ አለ። ስለዚህ «በምጥ መውለድ ይቻላል» ማለት «ጤና ጣቢያ ይወለድ» ማለት አይደለም። ወንድሜ፣ አንተም ባለቤትህን ኦፕራሲዮን ያለበት ቦታ አስወልዳት። በምጥ ይሁን በኦፕራሲዮን እዚያው ይወሰናል።

የመንታ እናት (ማክሰኞ፣ ማታ 2:30)

ከዚህ ሁሉ ባለሙያ መሃል የእናት ድምፅ ልጨምር። የኔዎቹ አሁን ሰባት ዓመታቸው ነው። የመጀመሪያው ሲወጣ ሁሉም ሰው ወደ እሱ ሮጠ። እልል ተባለ። እኔም ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ ሰውነቴ ተዝለፍልፎ ነበር። ከዚያ አንዷ አዋላጅ ጆሮዬ አጠገብ መጥታ «እታለም፣ አንድ አለን ገና፣ እጄን ያዢ» አለችኝ። ሁለተኛዋ በእግሯ መጣች። አዋላጇ እያንዳንዱን ነገር ከማድረጓ በፊት ነገረችኝ። አሁን አትግፊ፣ አሁን ግፊ፣ አሁን ተንፍሺ። በእግር የሚመጣ ልጅ ሲወጣ እንደማይጎተት፣ በምጡ እንደሚገፋ ያኔ ነው ያወቅሁት።

የምለምናችሁ ይህን ነው። በሁለቱ መሃል ያለችውን እናት አትርሷት። በሕይወቴ እንደዚያ ብቻዬን የሆንኩበት ጊዜ የለም። ያቺ አዋላጅ ስሟን ሳልጠይቃት ቀረሁ።

25 ዓመት በማዋለጃ (ማክሰኞ፣ ማታ 3:15)

እግዚአብሔር ያሳድግልሽ። ይህን ለተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ።

ማንም ያላነሳው ደሙ ነው። የሲስተር እናት ሁለት ከረጢት ደም ወስዳለች። ይህ የሚጠበቅ ነው። ሁለት ልጅ የተሸከመ ማህፀን ተለጥጦ ከርሟል፤ ባዶ ሲሆን ቶሎ አይኮማተርም። ስለዚህ መንታ ሲሆን ገና ከጅምሩ ትልቁን ካኑላ (የደም ሥር ቱቦ) አስገቡ፣ ቢቻል ሁለት። ሁለተኛው ልጅ እንደወጣ፣ ሦስተኛ አለመኖሩን እንደገና ዳስሳችሁ፣ ያኔ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ጡንቻ ላይ። ሦስተኛ ማለቴን አትገረሙ፤ አንዴ አጋጥሞኛል። እንግዴ ልጁ ሲወጣ ሙሉ መሆኑን እዩ። ከዚያ በየ15 ደቂቃው ማህፀኑን ዳስሱ፣ ፊኛዋ ባዶ ይሁን። ደሙ ከበዛ ደም የሚያቆመው ትራንኤግዛሚክ አሲድ 1 ግራም በደም ሥር፣ ከወለደች 3 ሰዓት ሳያልፍ። ብዙ ጤና ጣቢያ መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ እያለ ሲረሳ አይቻለሁ።

ጤና መኮንን (ረቡዕ፣ ጠዋት 4:00)

እኔ ከዚያ ሌሊት በፊት ያሉት ሳምንታት ናቸው የሚያሳስቡኝ። ይህች እናት ሁለት ጊዜ ለክትትል መጥታለች። የሆዷ ቁመት በሜትር ተለክቶ ከሳምንቱ ጋር ቢነጻጸር፣ ከሁለት ቦታ የልብ ምት ቢፈለግ፣ ምናልባት ይታወቅ ነበር። ሲስተርን ለመውቀስ አይደለም። ሜትሯ በየክፍላችን አለች፤ እኔ ራሴ ወረፋው ሲበዛ የማልፍበት ቀን ነበር።

ከታወቀ ደግሞ እናቶች ምጥ እስኪመጣ ጤና ተቋም ግቢ ውስጥ የሚቆዩበት የእናቶች ማቆያ አለን። ጉራጌ ውስጥ አጣጥ ሆስፒታል ማቆያ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ከ1987 እስከ 2008 የነበረው መዝገብ ተጠንቶ ሲታይ፣ ማቆያ ገብተው ከወለዱት ከ1,000 ወሊድ 17.6 ልጆች ሞተው ተወለዱ፤ ማቆያ ሳይገቡ በቀጥታ ከመጡት ግን 191.2። በቀጥታ ከሚመጡት ብዙዎቹ ችግር ከገጠማቸው በኋላ የሚመጡ ስለሆኑ ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ነው አልልም። ግን መንታ ያረገዘች እናት ምጧ ሳይጀምር ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ካለች የአንድ ሰዓት ተኩሉ መንገድ አይኖርም።

ችግሩ እናቶች ማቆያ ለመግባት ይከብዳቸዋል። ቤት ልጅ አለ፣ ከብት አለ። እኛ ጋ የሠራው፣ የነፍሰ ጡር እናቶች ስብሰባ ላይ ባሎችንና አማቶችን መጥራት ነው። አማት እሺ ካለች እናቲቱ ትመጣለች።

አዋላጇ ከደጋ (እሁድ፣ ማታ 1:20)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንዱንም ሳልዘል አንብቤያለሁ።

ሐሙስ ዕለት ከባልደረቦቼ ጋር ተቀመጥን። ለልምምድ አሻንጉሊት ስለሌለን ትራስና የሕፃን ብርድ ልብስ ጠቅልለን ሠራን። አንዳችን ረዳት ሆነን ሆዱን ከጎንና ከጎን መያዝ፣ ሌላችን በውጭ ማዞር ተለማመድን። ከኦክሲቶሲን ሣጥኑ ላይ «ሆዷን ዳስሰሻል?» ብለን ጽፈን ለጠፍን። እጅ አስገብቶ ማዞሩን ለመሠልጠን ወደ ሆስፒታሉ ለሁለት ሳምንት እንድሄድ ኃላፊያችን ደብዳቤ ጽፎልኛል። ሆስፒታሉ ይቀበለኝ እንደሆነ ገና አልታወቀም።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እናቲቱ ቤት ገባሁ። ልጁ ጡት በደንብ ይዟል። እህቱ ትበልጠዋለች፤ እሱ ግን ድምፁ ይበልጣል። አያቱ ገንፎ ሰጥታኝ «መጀመሪያ የትኛው መጣ?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። 45 ቀን ሲሞላቸው ሁለቱንም ለክትባት ይዛ እንድትመጣ ቀጠሮውን ካርዷ ላይ ጽፌላታለሁ።

ዶክተር፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የኦክሲቶሲን ጠብታውን ሁለተኛው ልጅ ላይ ስትጀምሩ በስንት ጠብታ ነው የምትነሱት? የእኛ ግድግዳ ላይ ያለው ወረቀት ለአንድ ልጅ ምጥ የተጻፈ ነው።

የሌሊት ተረኛ (እሁድ፣ ማታ 2:05)

ሲስተር፣ እኛ የምንሠራበትን ወረቀት ነገ ፎቶ አንስቼ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ። ከመጠቀምሽ በፊት ለሆስፒታላችሁ ሐኪም አሳዪው። ወደ እኛ ከላኩሽ ደግሞ ተረኛ በምሆንበት ሳምንት ነይ።